ከእረፍት በኋላ ቤታችሁን ወደ መስመር የምትመልሱት ከየት ጀምራችሁ ነው?

የሦስት እናት
ቅዳሜ፣ ማታ 5:10

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ሊከፈት 9 ቀን ቀርቶታል። የሚመጣው ሳምንት አልፎ ሰኞ ማለት ነው። የእኛ ቤት ግን ገና እረፍት ላይ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ የ5 ዓመቱ ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ መኪና ይነዳል። የ9 ዓመቱ ቴሌቪዥን ያያል። የ14 ዓመቷ ክፍሏ ናት፤ በበሩ ስር የስልኳ ብርሃን ይታየኛል። ጠዋት የሚነሱት 3:30 ነው። እሱም እኔ ቀስቅሼ።

እረፍቱ ጥሩ ነበር፤ አልቆጭበትም። ያስጨነቀኝ የአምናው ትዝታ ነው። የመጀመሪያዋን ቀን አልረሳትም። ትንሹ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ካልሲ አድርጓል፣ ሌላው ባዶውን ነው። ሁለተኛዋን ካልሲ በእጁ ጨብጦ ያለቅሳል። ሰርቪሱ ውጪ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ጮህኩበት። ልጁ የመጀመሪያ ቀኑን በእንባ ሄደ። እኔም ቢሮ ስደርስ ሥራ መጀመር አቃተኝ። የልጁ ጥፋት አልነበረም። እስከ ዋዜማው ድረስ እንዳሻው ሲነሳ የከረመን ልጅ ነው በአንድ ጊዜ 12:30 ላይ ከአልጋ ያወረድኩት።

አምና ፕሮግራም አውጥቼ፣ በከለር ጽፌ፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ነበር። 3 ቀን ነው የቆየው። ዘንድሮ ሁሉንም ነገር ባንዴ መሞከር አልፈልግም። በዚህ 9 ቀን አንድ ነገር ብቻ ልቀይር ብል ከየት ልጀምር?


ማለዳ
ቅዳሜ፣ ማታ 5:45

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይህን ጥያቄ እሰማለሁ፤ መልሴም ያው ነው። ከመኝታ ሰዓት አትጀምሪ። ከመነሻ ሰዓት ጀምሪ።

ልጅን አልጋ ላይ ልታስተኚው ትችያለሽ፤ እንቅልፉን ግን አታመጪለትም። በ2 ሰዓት አልጋ ውስጥ አስገብተሽው እስከ 5 ሰዓት ውሃ ጠማኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ ፈራሁ ሲልሽ ያመሻል። መቀስቀስ ግን በእጅሽ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የተነሳ ልጅ ማታ ራሱ ዓይኑን ማሸት ይጀምራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ ገቺ ከሌለው በየቀኑ ወደ ማምሸት ይንሸራተታል። እረፍት ላይ የሁላችንም ቤት ወደ እኩለ ሌሊት የሚሄደው ለዚህ ነው፤ የእናት ስንፍና አይደለም። ሰዓቱን የሚገታውና ወደ ቦታው የሚመልሰው ዋናው ነገር የጠዋት ብርሃን ነው። ስለዚህ ልጆቹን ቀስቅሰሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትተያቸው። መጋረጃውን ክፈቺ። ከተቻለ ቁርስ ሳይበሉ 10 ደቂቃ ውጪ ይቁሙ። ማታ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን የሚያመነጨው ሲጨልም ነው። ደማቅ መብራትና ስክሪን ያዘገዩታል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት መብራቱን ቀነስ፣ ስክሪኑን ዘጋ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ከ3:30 ወደ 12:30 ለመምጣት 180 ደቂቃ አለሽ። ለ9 ቀን ስታካፍዪው በቀን 20 ደቂቃ ነው። ነገ 3:10፣ ሰኞ 2:50፣ ማክሰኞ 2:30 እያልሽ ብትወርጂ ትምህርት በሚከፈትበት ጠዋት ልክ 12:30 ትደርሺያለሽ። 20 ደቂቃ ማንንም ልጅ አያስለቅስም።

የእንቅልፉን መጠን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ለ12:30 ካሰላሽው ትንሹ ማታ 2 ሰዓት፣ መካከለኛው 3 ሰዓት፣ ትልቋ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። እዚያ ላይ መድረሱ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራሽ አይደለም።


የመንትዮች አባት
እሁድ፣ ጠዋት 2:20

ማለዳ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ቤታችን ጦርነት ነበር። ማክሰኞ ይሻላል፣ ረቡዕ ደህና ነን፣ ሐሙስና አርብ ልጆቹ በራሳቸው ይነሳሉ። ሰኞ እንደገና ከዜሮ። ምክንያቱ ሳይገባኝ ቆየ። ለካ ቅዳሜና እሁድ "ይረፉ" እያልን እስከ 4 ሰዓት እናስተኛቸው ነበር። በ5 ቀን የተሠራውን በ2 ቀን እናፈርሰዋለን ማለት ነው። ሰውነታቸው በየሳምንቱ ሩቅ አገር ደርሶ እንደሚመለስ መንገደኛ ነበር።

አሁን ቅዳሜና እሁድ ከወትሮው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የምናስረፍዳቸው። ከዚያ አናልፍም። ይቺን አንዲት ነገር ስናስተካክል የሰኞ ጩኸት ቀረ።

ሌላው የከሰዓት እንቅልፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ 10 ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ድፍት ይላል። ያሳዝናል፤ ብርድ ልብስ አልብሰሽ ልትተዪው ያምርሻል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በዚያ ሰዓት አንድ ሰዓት ከተኛ ግን ሌሊቱን ታጪዋለሽ። ውጪ አውጪው። ኳስ ስጪው። አትክልት ውሃ ያጠጣልሽ።


ነፃነት ይሻላል
እሁድ፣ ጠዋት 4:05

እኔ ሐሳቤ ለየት ይላል። ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ነው እንዲህ የሚለቀቁት። የቀረቻቸውን 9 ቀን ለምን በአላርም እናበላሽባቸዋለን? እኔ እስከ መጨረሻዋ ቀን እለቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ከዚያ ይለምዱታል። እኛም እንደዚያ ነው ያደግነው።


ሌሊት ተረኛ
እሁድ፣ ቀን 7:30

@ነፃነት ይሻላል ወንድሜ፣ ስለ ልጆቹ ደስታ ማሰብህ ደስ ይላል። የአንተ ልጆች በሳምንት የሚለምዱ ከሆኑ እሰየው። የእኔዋ 3 ሳምንት ነው የሚፈጅባት፤ በእነዚያ 3 ሳምንታት አዲስ መምህር፣ አዲስ ክፍል፣ አዲስ ጓደኛ ሁሉ በእንቅልፍ እጦት ነው የሚያልፋት። ጨዋታውን እኮ መቀነስ የለብንም። ከማታ ወደ ጠዋት ማዛወር ነው።

@የሦስት እናት ላንቺ የምለው ሌላ ነው። እኔ ልጆቼን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ሥራዬ ፈረቃ ነው። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። "ራት 1 ሰዓት፣ ሻወር 1:30" የሚል ፕሮግራም እኔ ቤት ሠርቶ አያውቅም፤ በየሳምንቱ እየፈረሰ ጥፋተኛ ነኝ እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። የገላገለኝ ሰዓቱን ትቼ ቅደም ተከተሉን መያዜ ነው። እኔ ቤት የማይለወጥ ተራ አለ። ራት፣ ከዚያ ቦርሳ፣ ከዚያ ገላ መታጠብ፣ ከዚያ ተረት፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። እኔ ብኖርም እህቴ ብትኖርም፣ 1 ሰዓት ይጀመር 2 ሰዓት፣ ተራው ያው ነው። የ6 ዓመቷ ልጄ አሁን ራት እንደበላች ሳትታዘዝ ቦርሳዋን ጎትታ ታመጣለች። ሰዓት ማንበብ አትችልም፤ ከራት ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን ታውቃለች።

ስለ ቦርሳው ትንሽ ልበል፤ የጠዋቱ ጩኸት ግማሹ ከእሱ ነው የሚመጣው። በሩ አጠገብ አንድ ካርቶን አለችን። ማታ እዚያ የሚገባው ቦርሳ፣ የታጠበ ምሳ ዕቃ፣ የውሃ ኮዳ፣ ጫማ፣ ጫማው ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ካልሲ። ካልሲውን ጫማ ውስጥ መክተት የጀመርኩት ልክ እንዳንቺ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲ ፍለጋ አልጋ ስር ገብቼ ነው። የሚፈረም ወረቀት ካለ ማታውኑ ይፈረማል። ጠዋት ከበሩ ወደ ኋላ መመለስ የለም።


መምህርት
እሁድ፣ ማታ 1:15

የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከወዲያኛው በኩል ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ምን ረስተው መጡ ብዬ አልጨነቅም። ይረሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በረጅሙ እረፍት ተማሪዎች በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ እንደሚሉ አሳይቷል። ይበልጥ የሚጎዳውም የሒሳብ ስሌትና የቃላት አጻጻፍ ነው። እኛ መምህራን ይህን ስለምናውቅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በክለሳ ነው የምናሳልፋቸው። ስለዚህ እባካችሁ በዚህ 9 ቀን ውስጥ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ የዓመቱን ማባዛት አታሸምድዱት። እጁ እርሳስ መያዝ ይልመድ፤ በቀን 15 ደቂቃ ደስ ያለውን ያንብብ፤ ይበቃል። ሳንቲም ቆጥሮ፣ የራት ሳህን አከፋፍሎ፣ ሰዓት አይቶ "ስንት ደቂቃ ቀረን?" ካለ ሒሳብ ሠርቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ክፍል ውስጥ በጣም ጨዋ ናቸው። ቁጭ በል ሲባሉ ቁጭ ይላሉ። ተራ ይጠብቃሉ። ሽንታቸውን እንኳን ይይዛሉ። ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ጨብጠው ይውላሉ። ከዚያ ቤት ሲደርሱ ይለቁታል። እናት በር ከፍታ "እንዴት ዋልክ?" ስትለው ቦርሳውን ወርውሮ በብስኩት ምክንያት ያለቅሳል። ብዙ ወላጆች ደንግጠው ይደውሉልኛል፤ "ትምህርት ቤት ምን አደረጋችሁት?" ይሉኛል። ምንም አልሆነም። ልጁ ያለቀሰው እናቱ ዘንድ ስለደረሰ ነው። እዚያ ማልቀስ እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ግማሽ ሰዓት ባዶ ተዉት። ጥያቄ የለ፣ የቤት ሥራ የለ፣ ተጨማሪ ትምህርት የለ። የሚበላ ነገር ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ወሬው በኋላ ሳትጠይቁት ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሊጠፋ ሲል ነው።


የሦስት እናት
ረቡዕ፣ ማታ 4:20

መጥቻለሁ። አራተኛ ቀናችን ነው። ዛሬ 2:10 ተነሱ። ትንሹ በጣም ተቀይሯል። ጠዋት ቀስቅሼ በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ፤ እዚያ ቆሞ ጉንዳኖቹን ያያል። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ተረቱ ሳያልቅ አንገቱ እጄ ላይ ወደቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

መካከለኛው ያጉረመርማል፣ ግን እየመጣ ነው። ካርቶኗን እሱ ነው ያዘጋጃት። በእርሳስ የየሰውን ስም ጻፈባት።

የተቸገርኩት በትልቋ ነው። ትነሳለች፣ ማታ ግን እስከ 6 ሰዓት ዓይኗ ፍጥጥ ነው። "እማዬ፣ እንቅልፌ አይመጣም፤ ምን ላድርግ?" አለችኝ። እልህ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን ሳያት እውነቷን ነው። ምን ይሻላል?


ማለዳ
ረቡዕ፣ ማታ 4:50

እውነቷን ነው፤ እመኛት። ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን መድረስ ሲጀምሩ የውስጥ ሰዓታቸው አንድ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። ሜላቶኒናቸው የሚመጣው አምሽቶ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2:30 በፊት ክፍል እንዳይጀምሩ የመከረው ይህንኑ አይቶ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ይህንኑ በሕግ ደንግጋ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። አንቺ የትምህርት ቤቱን ደወል መቀየር አትችዪም፤ ግን ቢያንስ ልጅሽን ሰነፍ አትበያት።

የጠዋት ብርሃን ለእሷ ከታናናሾቿ ይልቅ ያስፈልጋታል። ከቻለች ከትንሹ ጋር በረንዳ ላይ ትውጣ። ከምሳ በኋላ ቡናም ሆነ ካፌይን ያለበት ለስላሳ ይቅርባት፤ ካፌይን ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳን ግማሹ ያህል በሰውነት ውስጥ ይቆያል። እንቅልፍ ካልመጣላት ደግሞ አልጋ ውስጥ እየተገላበጠች አትጨነቅ። ተነስታ በደብዛዛ መብራት ትንሽ አንብባ ትመለስ።


የመንትዮች አባት
ሐሙስ፣ ጠዋት 1:00

ስልኩስ? እኛ ቤት ከመንትዮቹ በላይ የ16 ዓመት ልጅ አለን። ስልክ ሌሊት መኝታ ቤት አያድርም ብለን ስንወስን ቤቱ ተናጋ። "እናንተስ?" አለን። ልክ ነበር። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ እስከ 6 ሰዓት ስልክ የምነካ ሰው ነበርኩ። አሁን የሁላችንም ስልክ ሳሎን አንድ ማከፋፈያ ላይ ነው ቻርጅ የሚደረገው። የእኔም፣ የእናቱም። ለመቀስቀሻ የባትሪ አላርም ገዛን። እሱ የኛን ስልክ እዚያ ሲያይ ክርክሩን ተወው።


አያት ነኝ
ሐሙስ፣ ቀን 9:40

ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼን የማሳድግ አያት ነኝ። የተማርሽ ነርስ የተናገርሽውን ሁሉ ወድጄዋለሁ፤ ተባረኪ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ አምና ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ሆዴን አመመኝ ይል ጀመር። ጠዋት ያመዋል፣ ከሰዓት ይድናል። ማስመሰል መሰለኝ፤ ተቆጣሁት። አንድ ቀን ማታ አጠገቡ ጋደም ብዬ ዝም አልኩ። ምንም አልጠየቅኩትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ "አዲሱ ክፍሌ የት እንደሆነ አላውቀውም" አለኝ። ይሄው ነበር። ሌሎቹ ሁሉ አውቀው፣ እሱ ብቻ በኮሪደሩ ላይ ጠፍቶ የሚቀር መስሎታል።

በማግስቱ እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ዘበኛው መልካም ሰው ነው፤ አስገባን። ክፍሉን አየ። በሩን በእጁ ነካው። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀ። ስንመለስ ከፊቴ እየሮጠ ነበር። ሆዱም ተሻለው። ሆድ ሲያማቸው ሆድ ብቻ አይምሰላችሁ። ሲቆይ ግን ወደ ሐኪም ውሰዱ።


የሦስት እናት
ሐሙስ፣ ማታ 3:05

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ አምና ካልሲውን ይዞ ያለቅስ የነበረውን ልጄን አሰብኩት። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም ነበር። ዛሬ ጠየቅኩት። "አንቺ ትተሽኝ ትሄጂያለሽ ብዬ ነው" አለኝ። ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። ነገ እኛም ትምህርት ቤቱን ልናይ እንሄዳለን። ደግሞ ማን እንደሚመልሰው፣ በየትኛው በር እንደምጠብቀው በደንብ አሳየዋለሁ።


አያት ነኝ
ሐሙስ፣ ማታ 3:30

እሰይ ልጄ። የምትጠብቂበትን ቦታ ራሱ ይምረጠው።


የሦስት እናት
ሰኞ፣ ማታ 3:40

ዛሬ ተከፈተ። 12:30 ተነሱ። አልጮህኩም። መካከለኛው የውሃ ኮዳውን ረስቶ ሄደ፤ ትልቋ ቁርስ አልበላችም፤ ትንሹ በሩ ላይ እጄን አጥብቆ ያዘ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። "የት ነው የምጠብቅህ?" አልኩት። "ከቢጫው አጥር ጋ" አለና ገባ።

ከሰዓት ከቢጫው አጥር ጋ ቆሜ ጠበቅኩት። ቤት ስንደርስ መምህርቷ እንዳለችው ሆነ፤ በብርቱካን አላላጥ ምክንያት መሬት ላይ ተኝቶ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። 2 ሰዓት ሳይሞላ ተኛ።


የሦስት እናት
ከ3 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ

ወደኋላ ተመልሰው ለሚያነቡ ብዬ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ነገር ስላለ ሁሉም ይነቃል። በሁለተኛው ሳምንት ድካሙ ይወጣል። እንግዳ መጥቶ አንድ ማታ አምሽተን ረቡዕ ጠዋት እንደ አምናው ልንሆን ነበር። ሁሉም ፈረሰ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማለዳ በውስጥ መስመር የነገረችኝን ላካፍላችሁ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ አዲስ ልማድ ለመያዝ የሚሞክሩ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ነገሩ ያለማሰብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ እንደየሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን አላበላሸውም። እኔ አምና በ3ኛው ቀን ነበር ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ የቀደድኩት።

ሐሙስ ጠዋት 12:30 ቀሰቀስኳቸው። ያው ቀጠልን።


አዲስ ገቢ
እሁድ፣ ማታ 4:15

ይህን ሁሉ አሁን አነበብኩት። የእኛ የሚከፈተው ነገ ጠዋት ነው! ምንም አላዘጋጀሁም። አራት ልጆች አሉኝ። አሁን ምን ላድርግ?


ሌሊት ተረኛ
እሁድ፣ ማታ 4:22

እህት፣ አይዞሽ። ዛሬ ማታ ሰዓት አታስተካክዪም፤ እሱን ተዪው። በሩ አጠገብ ጫማዎቹን ደርድሪ፣ ካልሲውን ውስጡ ክተቺ፣ ቦርሳዎቹን አጠገቡ። ጠዋት ከምትፈልጊው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመሽ መጋረጃውን ክፈቺ። ለነገ ይህ ይበቃል። ከነገ ወዲያ ተመልሰሽ ጻፊልን።


አዲስ ገቢ
እሁድ፣ ማታ 4:50

ደረደርኩ። ሦስት ጥንድ ጫማና አንድ እግር ብቻ ሆነ። የጎደለችዋን ትልቁ ልጄ መኪናው ውስጥ በባትሪ እየፈለጋት ነው።